የፔፐርሚንት ሃይድሮሶል ለፊትና ለፀጉር ስትጠቀሙ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰሩ

ባለፈው ግንቦት በፔፐርሚንት ሃይድሮሶል ከሰራሁት ቶነር፣ ማለትም ፊት ላይ ከሚረጨው ውሃ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ላኩላት። እኔ ደሴ ነኝ፣ ቤታችን ቀዝቃዛ ነው፣ የኔ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር፣ እሷ ጋ ግን ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ዞር አርጋ ስታየው ከታች እንደ ጥጥ ክር ያለ ቀጭን ነገር ይንሳፈፋል። ሽታው ያው ነው፣ ናና ናና ይላል። እሱን ነው እንግዲህ ጠዋት ማታ ፊቷ ላይ ስትረጨው የከረመችው፣ ጉንጯ ሽፍ ሲልባት ሳሙናው ነው ብላ ሳሙና ሁሉ ቀይራ ነበር። የሰራሁት እኔ ስለሆንኩ በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ አንደኛው ስህተት ይሄ ነው፣ ሽታው ጥሩ ስለሆነ አልተበላሸም ብሎ ማመን። ሃይድሮሶል ማለት ቅጠሉ በእንፋሎት ሲጣራ ከዘይቱ ጋር አብሮ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው፣ ውስጡ ያለው ዘይት በጣም ትንሽ ነው፣ ሌላው ውሃ ነው፣ ውሃ ደሞ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ይመቻል። የኔም ጠርሙስ ጤነኛ ነበር ማለት አይደለም፣ በአይን እስኪታይ ድረስ እኮ ብዙ ተራብቶ ነው፣ እሱንም ደፋሁት። ፕሪዘርቫቲቭ፣ ማለትም ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ የሚጨመረው ነገር፣ ግድ ነው። ፌኖክሲኢታኖል ከኤቲልሄክሲልግሊሰሪን ጋር የተደባለቀውን ካገኛችሁ 100 ግራም ላይ 1 ግራም ይበቃል፣ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ነው የምትለኩት። ሶዲየም ቤንዞኤትና ፖታሲየም ሶርቤት ከሆነ ግን ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ወደ 5 ካልወረደ በደንብ አይሰራም፣ በሲትሪክ አሲድ ታወርዱታላችሁ፣ በፒኤች ወረቀት ታዩታላችሁ። ቫይታሚን ኢ ጨምሬያለሁ የምትሉ አላችሁ፣ እሱ ዘይት ቆይቶ ሽታው እንዳይከረፋ ነው እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም!

ሌላው ናና ቀቅሎ አጥልሎ ሃይድሮሶል ነው ማለት። አይደለም፣ እሱ ሻይ ነው። አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚንጠባጠበው ነው ሃይድሮሶሉ፣ ድስቱ ውስጥ የቀረው አይደለም። የተቀቀለው ውሃ የቅጠሉን ስኳርና ቀለም ሁሉ ይዞ ስለሚቀር ፍሪጅ ውስጥም ቶሎ ነው የሚበላሸው። ደሞ ገበያ ላይ ናና የሚባለው ሁሉ ፔፐርሚንት አይደለም፣ ስፒርሚንት የሚባለው ሌላው የናና አይነት ከሆነ ሜንቶል የለውም ማለት ይቻላል፣ ያን ቅዝቅዝ የሚያረገውን ስሜት አትጠብቁ። ውሃ ላይ የፔፐርሚንት ዘይት ጠብ አርጎ መነቅነቅም ያው ስህተት ነው፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፍና አንድ ቀን ስትረጩት ንፁህ ዘይት ቆዳችሁ ላይ ያርፋል፣ ያቃጥላል።

ክሬም የምትሰሩ ደሞ ሃይድሮሶሉን ከመጀመሪያው ከውሃው ጋር አታሙቁት። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ብዙ አልሞቀም ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሽታው ከዛ በፊት ነው በኖ የሚያልቀው። ክሬሙ ከ40 ዲግሪ ሲወርድ ጨምሩት፣ ቦታ እንዲኖረው ከውሃው ላይ ቀድማችሁ ቀንሱ።

ፀጉር ላይ ብዙ የማየው ነገር አለ፣ ለጋ ቅቤ ውስጥ ሃይድሮሶል ጨምሮ መምታት። ሲመታ የተዋሃደ ይመስላል ግን ኢመልሲፋየር (ውሃና ቅባት የሚያዋህድ ነገር) ከሌለው በነጋታው ውሃው ተለይቶ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሻጋታው ከዛ ይጀምራል። እኔ ጭንቅላቴ ላይ ትንሽ እረጭና ጠፈፍ ሲል ነው ቅቤውን ወይ ዘይቱን የምቀባው። ሹርባ ከተሰራችሁ መስመሩ ላይ ብቻ ርጩ፣ አርጥባችሁ ሻሽ አስራችሁ አትዋሉ፣ በተለይ በክረምት በዚህ ብርድ አይደርቅም፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። ፀጉር ያሳድጋል የሚባለውም የመጣው በፈረንጆች 2014 ኮሪያ ውስጥ አይጦች ላይ ከተሰራ ጥናት ነው፣ የተጠቀሙት ደሞ 3 ፐርሰንት የፔፐርሚንት ዘይት በጆጆባ ዘይት ተበርዞ ነው፣ ሃይድሮሶል አይደለም። እሱን ጠብቃችሁ አትግዙ፣ ለሚያሳክክ ጭንቅላት ቀለል ማለቱ ግን እውነት ነው።

ቅዝቃዜውን እንደ መድሃኒት አትዩት። ሜንቶል ብርድ የሚሰማውን ነርቭ ነው የሚነካው፣ ቆዳው ራሱ አልቀዘቀዘም፣ ትኩሳትም አያወርድም። አይን አካባቢና የተላጨ ወይ የቆሰለ ቆዳ ላይ አትርጩ። ህፃን ልጅ ፊትና አፍንጫ አጠገብ ደሞ በፍፁም፣ ሜንቶል የህፃን ትንፋሽ ሊያውክ ይችላል፣ ይሄን ለእናቶች ሁሉ ንገሩልኝ።

መጀመሪያ ስትሰሩ ግማሹን ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ አርጉት፣ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን እዩት። ጠርሙሱን በ70 ፐርሰንት አልኮል አጥባችሁ አድርቁ፣ የሰራችሁበትን ቀን ፕላስተር ላይ ፃፉበት፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ፕሪዘርቫቲቭ ቢኖረውም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ከደፈረሰ ወይ ክር ካያችሁበት አፍልቼ ልጠቀምበት አትበሉ፣ ድፉት።