ልጅ ፊቱን ሲመታ እብጠቱ አያታላችሁ

ልጅ ከደረጃ ወይ ከብስክሌት ወድቆ ፊቱ ሲያብጥ የሁሉም ዓይን እብጠቱ ላይ ነው። እብጠት ግን ብዙም አይናገርም። ግንባሩ እንቁላል ያከለ ልጅ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ፊቱ ላይ ምንም የማይታይበት ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ነው፣ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶም ቀጥ ይላል። ስለዚህ ፊቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን እዩ። ጥርሱ ይገጥማል? ዓይኑ ይዞራል? በአፍንጫው ይተነፍሳል?

ከሁሉም በፊት ግን ጭንቅላትና አንገት። ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከተደናበረ፣ መተንፈስ ከከበደው፣ ከአፍንጫው ወይ ከጆሮው ውኃ የመሰለ ነገር ከወጣ ሌላው ሁሉ ይቆይና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። አንገቱን ካመመው አታንቀሳቅሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ። አንገቱ ደህና ከሆነና አፍንጫው ከደማ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። ወደ ኋላ ማንጋለል ደሙን ከማስዋጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

አሁን አገጭ። አገጩ የተተረተረ ልጅ ቁስሉ ይሰፋለትና ወደ ቤት ይሄዳል፣ ብዙ ነገር የሚያመልጠውም እዚህ ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ምት ወደ ላይ ይሄድና መንጋጋውን ከጆሮ ፊት ለፊት ካለው መጋጠሚያ ሥር ሊሰብረው ይችላል። ጣታችሁን ከሁለቱም ጆሮዎቹ ፊት አሳርፉና አፉን ቀስ ብሎ ይክፈት፣ ይዝጋ። ያመዋል? አገጩ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል? ልጁ «ጥርሴ አልገጥም አለኝ» ካለ እመኑት፣ ከራጅ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ስብራት ከታለፈ መጋጠሚያው ሊደርቅ፣ የመንጋጋው እድገትም ሊዛባ ይችላል።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ዓይን ነው። ከዓይን ሥር ያለው ስስ አጥንት እንደ በር ይከፈትና ተመልሶ ሲዘጋ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ይቆነጥጠዋል። ዓይኑ አልቀላም፣ ቆዳውም እምብዛም አልበለዘ ይሆናል። ልጁ ግን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ ይደክማል፣ እና ሐኪሙ ሳይቀር የጭንቅላት ጉዳት ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ጣታችሁን በዓይኑ ብቻ ይከተል። ወደ ላይ ማየት ካቃተው ወይም ሁለት ሁለት ከታየው እስከ ነገ አትጠብቁ፤ እንዲህ የተያዘ ጡንቻ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልተለቀቀ ሊሞት ይችላል። እስኪታይ ድረስ አፍንጫውን አይናፈጥ፣ አየሩ ወደ ዓይኑ ዙሪያ ይገባል።

አፍንጫ ሲሆን ውስጡን ነው ማየት። ጫፉን በአውራ ጣት ከፍ አድርጉና ባትሪ አብሩ። መሃሉ ባለው ግድግዳ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ለስላሳ እብጠት ካለ ደም ተቋጥሯል ማለት ነው፣ በዚያው ቀን መውጣት አለበት። ከቆየ የግድግዳው ለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞትና አፍንጫው እንደ ኮርቻ ይጎደጉዳል። ያ ከሌለ እብጠቱ ሲጎድል፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ፣ እንደገና ይታይ። ለአፍንጫ ራጅ ማንሳት ብዙም አይጠቅምም።

ለሌላው ስብራት ዋናው ምርመራ ሲቲ ስካን ነው። ጨረር ስላለው መጀመሪያ በእጅና በዓይን በደንብ ይመርመር፣ ከዚያ ይታዘዝ። ለታችኛው መንጋጋ መላ ጥርሱን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ራጅም ይረዳል።

ሕክምናው ከአዋቂው ይለያል። የልጅ አጥንት ፈጥኖ ይጠግናል፣ ጠሞም ቢሆን፤ ከሳምንት በኋላ ማቃናት ይከብዳል። ካልተዛነፈ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ምግብ፣ በክብደቱ የተለካ ማስታገሻና ቀጠሮ ይበቃዋል። ከተዛነፈ ይቃናል፣ አንዳንዴም በትንንሽ ብረት ይያያዛል፤ ግን መንጋጋው ውስጥ ገና ያልወጡ ጥርሶች ስላሉ ብሎኑ እንዳይነካቸው ሐኪሙ ይጠነቀቃል። ብረቱም ከዳነ በኋላ ብዙ ጊዜ ይወጣል። መንጋጋው ከታሰረ ለአጭር ጊዜ ነው፣ በተለይ መጋጠሚያው አካባቢ ከተሰበረ ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ እንቅስቃሴ።

ቋሚ ጥርስ ከወለቀ ሥሩን አትንኩ። አለቅልቁና ቦታው መልሱት፣ ካልሆነ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ሩጡ። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም።

ቤት ከገባ በኋላ አፉን በራሱ ጣት ለኩት። ሦስት ጣቶቹን ደራርቦ በቁሙ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት አለበት። ባለፈው ሳምንት ሦስት የገባበት አፍ ዛሬ ሁለት ብቻ ካስገባ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ውሰዱት።