ሰርቨር የተጠራበትን ስምና ሙሉ ዩአርኤል የሚለይበት መንገድ፤ ለጎንደር የድረ ገጽ አስተዳዳሪዎች

ፒያሳ ያለ የእንግዳ ማረፊያ፣ አዘዞ ያለ የግንባታ ዕቃ መደብርና ማራኪ ያለ የግል ትምህርት ቤት ድረ ገጾቻቸውን በአንድ የኪራይ ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጡ፣ ሦስቱም አንድ አይፒ አድራሻ ይጋራሉ። ብራውዘሩ የዶሜይኑን ስም በዲኤንኤስ አማካይነት ወደ ቁጥር ለውጦ ግንኙነቱን የሚከፍተው ከቁጥሩ ጋር ስለሆነ፣ የትኛው ድረ ገጽ እንደተፈለገ ከአይፒ አድራሻው ብቻ አይታወቅም። ነገሩ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶችን ይመስላል፤ ደብዳቤው ለባለቤቱ የሚደርሰው በላዩ በተጻፈው ስም ነው።

ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት ደንብ፣ በኤችቲቲፒ፣ ይህ ስም የሚጻፈው «ሆስት» በተባለው ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚላክ የመረጃ መስመር) ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የ1.0 ሰነድ ሄደሩን አያስገድድም ነበር፤ በ1997 የወጣው 1.1 ግን ግዴታ አደረገው፤ ሆስት የሌለው የ1.1 ጥያቄም በ400 የስሕተት ኮድ እንዲመለስ ደነገገ። በኤችቲቲፒ 2 ደግሞ ስሙ የሚመጣው «ኦቶሪቲ» በሚባል ልዩ መስክ ነው።

ሙሉው ዩአርኤል (የገጹ ሙሉ አድራሻ) አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ተጽፎ አይመጣም፤ ሰርቨሩ ከየቦታው ለቅሞ ይገጣጥመዋል። ኤችቲቲፒ ወይም የተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን ከግንኙነቱ ዓይነት፣ ስሙንና ከ80 ወይም ከ443 የተለየ ከሆነም የፖርት (የግንኙነት በር) ቁጥሩን ከሆስት ሄደር፣ የገጹን መንገድና ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ከጥያቄው የመጀመሪያ መስመር ይወስዳል። ከ«#» ቀጥሎ ያለው ክፍል ከብራውዘሩ ስለማይወጣ፣ በሰርቨሩ ላይ እሱን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። አልፎ አልፎ የመጀመሪያው መስመር ሙሉ ዩአርኤል ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደንቡ ከሆስት ሄደር ይልቅ በመስመሩ ላይ ያለውን ስም ያስቀድማል።

ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ስሙ ሁለት ጊዜ ይላካል። መጀመሪያ ምስጠራው ሲጀመር «ኤስኤንአይ» በሚባለው በኩል ይመጣና ሰርቨሩ የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ሰርተፊኬት በእሱ ይመርጣል፤ ቀጥሎ በሆስት ሄደር ይመጣል። ስለዚህ ብራውዘሩ የሌላ ድረ ገጽ ሰርተፊኬት ቀረበልኝ ብሎ ካስጠነቀቀ የፖርት 443 አደረጃጀትን ይመርምሩ፤ ሰርተፊኬቱ ትክክል ሆኖ የመጣው ገጽ የሌላ ከሆነ ግን ሆስት ሄደሩ በመንገድ ላይ ተለውጦ እንደሆነ ያጣሩ። ለዚህ ምርመራ «ከርል» የተባለው መሣሪያ ይበቃል፤ «ሪዞልቭ» በሚባለው አማራጩ ዲኤንኤሱን ሳይነኩ አንድን ስም ወደ ፈለጉት አይፒ መላክ ይቻላል።

ኤንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር የመጣውን ስም «ሰርቨር ኔም» በሚለው መመሪያ ከተጻፉት ጋር ያመሳክራል፦ በቅድሚያ ፍጹም ተመሳሳዩን፣ ቀጥሎ ኮከብ ምልክቱ በስሙ መጀመሪያ ያለበትን፣ ከዚያም ኮከቡ በስሙ መጨረሻ ያለበትን፣ በመጨረሻም በሬጌክስ (ብዙ ስሞችን በአንድ ንድፍ በሚገልጽ አጻጻፍ) የተጻፈውን። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ምንም ያልገጠመለት ጥያቄ ውድቅ እንደማይደረግ ነው፤ ነባሪ ተብሎ ወደተመደበው፣ ካልተመደበም በዚያ ፖርት ላይ መጀመሪያ ወደተጻፈው ክፍል ይሄዳል። አይፒውን ብቻ የጻፈ ሰው የእንግዳ ማረፊያውን ገጽ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው የሰርቨር ሶፍትዌር አፓቼም ለመጀመሪያው ቨርቹዋል ሆስት (ለአንድ ድረ ገጽ ለተመደበ ክፍል) ያደላል። እንግዲህ የማንም ያልሆነ ነባሪ ክፍል ይክፈቱና ጥያቄውን እዚያው ይዝጉት፤ በኤንጂንኤክስ 444 የሚለው ኮድ ምላሽ ሳይሰጥ ግንኙነቱን ያቋርጣል።

ከኤንጂንኤክስ ጀርባ በጃንጎ ወይም በመሰል ማዕቀፍ የተሠራ መተግበሪያ ካለ ችግሩ ይበረታል። ጥያቄውን ወደ መተግበሪያው የሚያስተላልፈው «ፕሮክሲ ፓስ» የተባለ መመሪያ ሆስት ሄደሩን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ በውስጠኛው አድራሻ ይተካዋል። መተግበሪያው ስሙን 127.0.0.1 (ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) አድርጎ ያየዋል፤ ለጥምቀት ክፍል ያስያዘ እንግዳም ወደ ራሱ ኮምፒውተር የሚመልሰው የማረጋገጫ ሊንክ ይደርሰዋል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ሆስት ሳይለወጥ ማሳለፍ፣ ኤችቲቲፒኤስ መሆኑንም «ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ» በተባለው ሄደር ማሳወቅ ነው፤ ሁለተኛው ከተዘነጋ ገጹ ወደ ራሱ እየተመላለሰ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል።

እነዚህን ሄደሮች ማንም ሰው እንዳሻው ጽፎ መላክ ስለሚችል፣ ፕሮክሲው (አስተላላፊው ኤንጂንኤክስ) ከውጭ የመጡትን ሽሮ የራሱን መጻፍ አለበት። የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ከሆስት ሄደር ተወስዶ የሚሠራ ከሆነ፣ አጥቂ በሌላ ሰው ኢሜይል ጥያቄ አቅርቦ የራሱን ዶሜይን በሄደሩ ሊያስገባ ይችላል፤ ተጠቃሚው ሊንኩን ሲጫን ምሥጢሩ ለአጥቂው ይደርሳል። ጃንጎ «አላውድ ሆስትስ» በሚለው ዝርዝር የማይታወቁ ስሞችን የሚከለክለው ለዚህ ነው። እኔ ግን በኢሜይል ለሚላክ ሊንክ ሁሉ ዶሜይኑን በቅንብር ፋይል አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጥን እመርጣለሁ፤ ያልተጠየቀ ስም አይዋሽም።

የገጽዎ መንገድ በአማርኛ ከተጻፈ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠብቁ። «ጎንደር» አራት ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 የፊደል አመዘጋገብ 12 ባይት ነው፤ በፐርሰንት ምልክት ሲቀየር ደግሞ 36 ምልክት ይሆናል። በኤንጂንኤክስ የገጹን መንገድ ከሚይዙት ተለዋዋጮች «ሪክዌስት ዩአርአይ» እንደተላከ ይቆያል፤ «ዩአርአይ» ግን ተፈትቶና ተስተካክሎ ስለሚቀርብ ሁለቱን ማወዳደር ያሳስታል። የተለመደው የኤንጂንኤክስ ሎግ (የጥያቄዎች መዝገብ) ሆስቱን ስለማይመዘግብም በሎጉ ቅርጽ ላይ ይጨምሩት፤ አለበለዚያ ስሕተቱ ከሦስቱ ድረ ገጾች በየትኛው እንደደረሰ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም።