ቪየና ላይ ብራንች ፍለጋ፦ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ከአዲስ አበባ ቀጥታ ከሚበረርባቸው የአውሮፓ ከተሞች አንዷ ቪየና ናት። ለስብሰባ የሚመጣ አለ፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ አለ፣ ሌላ አገር ሊሄድ አንድ ሁለት ቀን አርፎባት የሚያልፍም አለ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሲሆን ግን የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ የት ሄደን ደህና ቁርስ፣ ወይም ብራንች የሚባለውን ቁርስና ምሳ ያጣመረ የረፋድ ምግብ እንብላ? በካፌዎቿ የታወቀች ከተማ ስለሆነች መልሱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ተርቦና ተናዶ ወደ ሆቴሉ የሚመለሰው ብዙ ነው። እንደኔ እንደኔ፣ አብዛኛው ሰው የሚሸወደው በካፌው ሳይሆን በቀኑና በሰዓቱ ነው።

ታሪካዊውን ካፌ እንደ ብራንች ቤት መቁጠር

ካፌ ሴንትራል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ዓምዶቹ፣ ቅስት ጣሪያው፣ የኬኩ መደርደሪያ፣ ሁሉም ለፎቶ የተሠራ ይመስላል። በሩ ላይ ግን ሰልፍ አለ። ተሰልፋችሁ ስትገቡ የሚመጣው ባህላዊው የቪየና ቁርስ ነው፤ ዘመል የሚባለው ክብ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታ፣ ለስለስ ብሎ የተቀቀለ እንቁላልና ቡና። አንዳንድ ቦታ ሁለት እንቁላል ተልጦ በብርጭቆ ይቀርባል። ጥሩ ነው፣ ግን አቮካዶ፣ ፓንኬክና ሻክሹካ በሐሳቡ ይዞ ለመጣ ሰው ያንሳል።

የድሮዎቹ ካፌዎች ጥቅማቸው ሌላ ነው። አንድ ቡና አዝዛችሁ ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ማንም አያስነሳችሁም። ጋዜጣው በእንጨት ዘንግ ተይዞ ተሰቅሏል፤ አንስቶ ማንበብ ነው። ቡናው በትንሽ የብረት ትሪ ይመጣል፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ብርጭቆው ላይ ደግሞ ማንኪያ ተጋድሞበታል። ይህ የካፌ ባህል እ.ኤ.አ. በ2011 በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። አዲሶቹ ብራንች ቤቶች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ምግቡ ብዙ ነው፣ ጠረጴዛው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ቀጣዩ ሰው በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ፤ መብላት ነው ወይስ መቀመጥ? ሁለቱም ካማራችሁ በሁለት የተለያየ ቀን አድርጉት።

በነገራችን ላይ፣ ባለ ክራቫቱ አስተናጋጅ ፊቱን ቢያጠቁርባችሁ ለእናንተ ብቻ ብሎ አይደለም። የቪየና አስተናጋጅ በኩርፊያው የታወቀ ነው። የአገሬውንም ሰው እንደዚያው ነው የሚያስተናግደው።

ከመሃል ከተማ አለመውጣት

የእስጢፋኖስ ካቴድራል ዙሪያ የቱሪስት ሰፈር ነው። ኖይባው የሚባለው 7ኛ ወረዳ በእግር ሩቅ አይደለም፤ ትንንሽና ጥሩ ካፌ የሞላበት ነው። 2ኛው ወረዳ ውስጥ ካርሜሊተርማርክት አለ፤ ቅዳሜ ገበሬዎች ምርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በዙሪያውም ካፌዎች አሉ።

የእኔ ምርጫ ግን 16ኛው ወረዳ ነው፣ ኦታክሪንግ። በኡ 6 ባቡር ዮሰፍሽቴተር ሽትራሰ ላይ ወርዶ ትንሽ መራመድ ነው። ብሩነንጋሰ የሚባለው መንገድ ላይ ብሩነንማርክት የሚሉት ረጅም ገበያ አለ። ሻጮቹ ብዙዎቹ ቱርኮች ናቸው። የቲማቲም ክምር፣ ጥቅል ጥቅል ናና፣ በባልዲ የተሞላ ወይራ፣ ዋጋ የሚጮህ ሰው፤ መርካቶ ሲወርድ ያደገ ሰው ግር አይለውም። ገበያው ጫፍ ላይ ይፐንፕላትዝ የሚባል አደባባይ አለ፣ በካፌ የተከበበ። ቅዳሜ ጠዋት ገበሬዎቹ አይብና ዳቦ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ የሰፈሩ ሰው ዘንቢሉን እግሩ ሥር አስቀምጦ ቁርሱን ይበላል። ፀሐይ ከወጣች ውጭ ያለው ወንበር ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ቀኑንና ሰዓቱን አለማየት

እሁድ ቪየና ውስጥ ሱቅ ዝግ ነው። ገበያም እንደዚያው። ናሽማርክት የሚባለው የታወቀ የምግብ ገበያ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፤ እሁድ ጠዋት ስልካቸውን እያዩ እዚያ ደርሰው የተዘጋ መዝጊያ የሚያዩ እንግዶች ሞልተዋል። ሱቅ ዝግ ስለሆነ የከተማው ሰው እሁድ የሚሄድበት አንዱ ቦታ ብራንች ቤት ነው። ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ቦታ ሳይዙ ሄዶ መቀመጥ ዘበት ነው። ስለዚህ ወይ ቅዳሜ ሂዱ፣ ወይ በሥራ ቀን ሂዱ። የግድ እሁድ ከሆነ አስቀድማችሁ ያዙ። እሁድ ቅዳሴ የምታስቀድሱ ከሆነ ደግሞ ቁርስ እስከ ከሰዓት በኋላ የሚያወጣ ቤት ምረጡ፤ አንዳንዱ ኩሽና ረፋዱ ላይ ቁርስ ማውጣት ያቆማል።

ቦታ ስትይዙ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር አስገቡ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይደርሳል። እዚያ የሚኖረው የአክስት ልጅ "10 ሰዓት ይዣለሁ" ካለ ከጠዋቱ 4 ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ደግሞ 10 ሰዓት ሲባል ከምሳ በኋላ ያለው ነው የሚመጣበት። የሐበሻ ቀጠሮ ሲጨመርበት አለቀለት፤ ብዙ ቤቶች ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቀው ጠረጴዛውን ለሌላ ይሰጡታል።

ኮከብ ብቻ ቆጥሮ መወሰን

ጎግል ማፕ ላይ 4.6 ያለው ሁሉ ጥሩ አይደለም። የቅርብ ጊዜዎቹን አስተያየቶች አንብቡ፤ በተለይ በጀርመንኛ የተጻፉትን ወደምታውቁት ቋንቋ አስተርጉሟቸው፤ የሰፈሩ ሰው የሚጽፈው እነዚያ ላይ ነው። ከተከተፈ ፍራፍሬ ፎቶ ይልቅ የሜኑውን ፎቶ ፈልጉ፤ ዋጋውም ቁርስ የሚያበቃበት ሰዓትም እዚያ ላይ አለ።

"ማኪያቶ" ብሎ ማዘዝ

የእኛን አገር ማኪያቶ አትጠብቁ። እንደ ቤቱ ይለያያል፤ ወይ አረፋ ጠብ ያለባት አንዲት ጉንጭ ኤስፕሬሶ ይመጣል፣ ወይ ረጅም ብርጭቆ ሙሉ ወተት። ሜላንዥ ብላችሁ እዘዙ። ግማሽ ቡና፣ ግማሽ ትኩስ ወተት፣ ከላይ አረፋ ነው፤ ለእኛ አፍ የሚቀርበው እሱ ነው። ከቡናው ጋር የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ከአልፕስ ተራሮች በቦይ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ነው። ለብቻው "ውሃ" ብላችሁ ካዘዛችሁ ግን የታሸገ ሊመጣና ሊከፈልበት ይችላል።

ሜኑውን ሳይጠይቁ ማዘዝ

ይሄ ለእኛ ሰው ከሁሉም ይበልጣል። የኦስትሪያ ቁርስ ውስጥ አሳማ ብዙ ቦታ አለ። ሺንከን ወይም ሽፔክ የሚል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ኤግ ቤኔዲክት የተባለው የብራንች ቤት ተወዳጅ ምግብም ብዙ ጊዜ ከሥሩ አለበት። "ኦነ ሽቫይነፍላይሽ፣ ቢተ" በሉ፤ ያለ አሳማ ሥጋ ማለት ነው። ጭራሽ እንዳትጨነቁ ከፈለጋችሁ ብሩነንማርክት አካባቢ ካሉት ቱርክ ቁርስ ቤቶች አንዱ ግቡ። አይብ፣ ወይራ፣ ማር፣ ቲማቲም፣ የበሬ ቋሊማ ከእንቁላል ጋር፣ በትንሽ ብርጭቆ ሻይ፤ ጠረጴዛው ይሞላል።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ደግሞ "ቬጀቴሪያን" አትበሉ። ቅቤና እንቁላል ይመጣላችኋል። "ቪጋን" በሉ። ቪየና ውስጥ ቪጋን ቁርስ አይቸግርም፤ ሁሙስ፣ አቮካዶ፣ የአጃ ወተት ያለበት ቡና ብዙ ቦታ ይገኛል።

ሂሳቡ ላይ መደናገር

አስተናጋጁ ሳትጠሩት ሂሳብ አያመጣም፤ ተዘነጋን ብላችሁ አትበሳጩ፣ "ጻለን፣ ቢተ" በሉት፤ ሂሳብ እንክፈል ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የዳቦ ቅርጫት በብዙ የድሮ ቤቶች ነፃ አይደለም፤ ስንት እንደበላችሁ ይጠይቃችሁና ይደምረዋል። ጉርሻ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ የተለመደ አይደለም። 27.40 ዩሮ ከመጣ ገንዘቡን ስትሰጡ "30" ትላላችሁ፣ አለቀ። ካርድ የማይቀበል ትንሽ ቤት አሁንም ስላለ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

አስተናጋጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው "አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?" ነው። እዚያ ሁሉም የበላውን ከፍሎ መሄዱ ነውር የለውም። እናንተ "እኔ ልክፈል፣ በማርያም፣ እኔ ነኝ" እየተባባላችሁ ስትጓተቱ እሱ ቆሞ ያያችኋል፣ ሌላው ጠረጴዛም ይጠብቃል። ለመጋበዝ ያሰበ ሰው ቀድሞ "ዙዛመን" ማለትም "አንድ ላይ" ይበል፤ ወይም ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ተነስቶ ባንኮኒው ላይ ይክፈል። ይሄኛው ዘዴ ከአዲስ አበባም የመጣ ነው፣ እዚያም በደንብ ይሠራል።