የድሮውን የሚመስል ኮምፕሬሰር ከመግዛትዎ በፊት
በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትን ኤልኤ-2ኤ ወይም 1176 የተባሉ የስቱዲዮ መሣሪያዎች የሚመስል የኮምፕሬሰር (የጎላውን ድምፅ ዝቅ እያደረገ የሚያመጣጥን) ፕለጊን፣ ማለትም በሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ሶፍትዌር፣ ለመግዛት ካሰቡ፣ በነጻ የሙከራ ጊዜው ራስዎ በጀመሩት ሚክስ (የድምፅ ትራኮች ቅንብር) ላይ፣ በተለይም በድምፃዊው ትራክ ላይ ይሞክሩት። አደራ የምለው፣ ፕለጊኑ ሲበራና ሲጠፋ የድምፁ መጠን እኩል እንዲሆን አስተካክለው እንዲያነጻጽሩ ነው፤ ብዙዎቹ ሲበሩ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርጉት ጆሯችን የጎላውን የተሻለ አድርጎ ይቀበለዋል። ኤልኤ-2ኤ በብርሃን አማካይነት ስለሚሠራ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ለመልቀቅ (ዝቅ ማድረጉን ለማቆም) ሴኮንዶች ሊወስድበት ይችላል፣ ለረጋ ዜማም ይስማማል፤ 1176 ግን ከአንድ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ድምፁን ስለሚይዝ (ዝቅ ማድረግ ስለሚጀምር) ለከበሮ ይመረጣል። በሚሠሩበት ፕሮግራም ውስጥ አብሮ የመጣውን ኮምፕሬሰር በዚሁ ፍጥነት አስተካክለው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ ልዩነቱን መለየት ካልቻሉ ግዢውን ቢያቆዩት እመርጣለሁ።