ማታ ማልዲቭስ ለሚደርስ መንገደኛ፦ እስከ ሪዞርቱ ያለውን የመጨረሻ ጉዞ ያስተካከልንበት መንገድ

ከባለቤቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማልዲቭስ ለመዝናናት ስንዘጋጅ ዋናው እንቅፋት ከማሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሪዞርቱ ያለው ጉዞ ሆነብን። የመረጥነው ሪዞርት የሚደረሰው ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ይህ አውሮፕላን ደግሞ የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ ማታ የሚደርስ መንገደኛ እስኪነጋ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ፒያሳ ካለ የትኬት ቢሮ ያገኘነው ምቹ በረራ ማሌ የሚገባው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር።

ስለዚህ ሪዞርቱን ሳንለውጥ ለመጀመሪያው ሌሊት ሁልሁማሌ ውስጥ አነስተኛ ማረፊያ ያዝን፤ ከተማዋ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር በመንገድ የተገናኘች በመሆኗ በታክሲ ይደረሳል። ከዚያም የበረራ ቁጥራችንን ለሪዞርቱ በኢሜይል ልከን ለማግስቱ ጠዋት መቀመጫ አስያዝን። ሰዓት ሲጻፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማልዲቭስ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ትቀድማለች፣ 08፡00 ተብሎ የሚታተመውም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በትንሹ አውሮፕላን የሚፈቀደው ሻንጣ በአብዛኛው 20 ኪሎ ስለሆነ፣ ባለቤቴ የእናቷን ዳቦ ቆሎ ላለማስቀረት ከባድ ጫማዋን ከሻንጣው አወጣች።

የቢጫ ወባ ክትባትን ማንም ለመጨረሻ ሳምንት እንዳያቆየው አደራ እላለሁ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ ካርዱን ይጠየቃል፣ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ማረፊያ ላለው የ30 ቀን ቪዛ እዚያው በነፃ ይሰጣል፤ ኢሙጋ የተባለው የመንገደኞች መግለጫ ቅጽ ግን ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት መሞላት አለበት።