ስለ እምነትህ ሲገፉህ ምን ታደርጋለህ?

መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፦ የተጠላሁት በእምነቴ ነው ወይስ በአመሌ? እኔ ለገጣፎ ስኖር ጎረቤቶቼ ፊት ሲነሱኝ "ስደት ነው" ብዬ ነበር። ለካ ሌሊት ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ስጸልይ ልጆቻቸው እንቅልፍ አጥተው ኖሯል! ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ በጥፋት የሚመጣን መከራ ክርስቲያን በመሆን ከሚመጣው ለይቶታል። ይቅርታ ጠይቄ ድምፁን ቀነስኩ።

በእምነትህ ከሆነ ግን አትደንግጥ። ቤተሰብ ቢያኮርፍህም፣ ከዕድር ቢያስወጡህም አንተ ለቅሶ መድረስህን አታቋርጥ፤ ድንኳን ሲተከል ወንበር ተሸከም፣ መልስ ባይሰጡህም ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ "እንደምን አደራችሁ" በል። መጀመሪያ ሰሞን ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ደግሞ ብቻህን አትያዘው፤ ለሚጸልይልህ ሰው ንገር።

መሸሽ ኃጢአት አይደለም። ማቴዎስ 10፥23 ላይ ጌታ ራሱ ወደ ሌላ ከተማ ሽሹ ብሏል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው እምቢ አሉ፤ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ያ የእሳቸው ጥሪ ነው፣ አንተ ላይ ግዴታ አይደለም። ዱላ ከመጣ ለፖሊስ አመልክት፤ ጳውሎስም ሊገርፉት ሲሉ የሮም ዜግነቱን አንስቶ ተከራክሯል።