ላኪው ጡረታ ሲወጣ

ለ29 ዓመት ደመወዝ በገባ ማግስት ገንዘብ ልኬያለሁ። መጀመሪያ ለእናቴ፣ ነፍሷን ይማርና። ከዚያ ለወንድሜ ልጆች ትምህርት ቤት። ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለኦፕሬሽን፣ ለቤት ኪራይ። አምና ሥራ ሳቆም ለአለቃዬ የነገርኩት ከሦስት ወር በፊት ነበር። አገር ቤት ላሉት ግን ምንም አላልኩም። በሁለተኛው ወር ወንድሜ ደውሎ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ሲለኝ ነው የነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ጡረታ? አንተ?» አለኝ።

ያ ዝምታ ብዙ አስተማረኝ። አገር ቤት ያለ ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ እንደሚወጣ፣ ገቢውም እንደሚያንስ ሁሉም ያውቃል። ውጭ ያለው ሰው ያረጃል ብሎ የሚያስብ ግን የለም። ስለዚህ እኛ ጡረታ የምንወጣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ከሥራ፣ ሌላው ከላኪነት። ለመጀመሪያው ፎርም አለ፣ ቢሮ አለ። ለሁለተኛው የሚያዘጋጀን የለም። ይህን የምጽፈው በተለይ ለሁለተኛው ነው። ግን ከሒሳቡ ልጀምር፤ ያለ እሱ ሌላው ወሬ አይቆምም።

መቼ ልውጣ?

አሜሪካ ላላችሁ፣ የመንግሥት ጡረታውን፣ ሶሻል ሴኪውሪቲን፣ ከ62 ዓመት ጀምሮ መቀበል ይቻላል። በፈረንጆች 1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉው የሚከፈለው በ67 ነው። በ62 የጀመረ 30 በመቶ ይቀነስበታል፤ ቅናሹም የዕድሜ ልክ ነው። ከ67 በኋላ የታገሠ ደግሞ እስከ 70 ድረስ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለታል። በ67 ዓመቱ 1,500 ዶላር የሚደርሰው ሰው በ62 ቢጀምር 1,050፣ እስከ 70 ቢቆይ 1,860 ያገኛል ማለት ነው።

ይሄን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። እምብዛም የማይነገረን የ35 ዓመቱ ነገር ነው። ክፍያው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ያገኛችሁባቸው 35 ዓመታት ተወስደው ነው። 35 ያልሞላ ሰው የጎደለው ዓመት ሁሉ ዜሮ ሆኖ ይገባበታል። እዚህ አሜሪካ ተወልዶ በ20 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው ይህ አያስጨንቀውም። እኔ ግን የመጣሁት በ38 ዓመቴ ነው። 29 ዓመት ሠርቼ ስድስት ዜሮ አለብኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ አንድ ዓመት መጨመር ሁለት ጥቅም አለው። አንድ ዜሮ ይሰርዛል፣ የመጀመሪያውን ቼክም ያሳድጋል። ጭራሽ ለመብቃት ደግሞ 40 ክሬዲት (ከሥራ ገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልጋል። በዓመት ከአራት በላይ ስለማይገኝ ቢያንስ አሥር ዓመት መሥራት ግድ ነው።

ዛሬውኑ ሶሻል ሴኪውሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ የገቢ ታሪካችሁን እዩ። የእኛ ስም ለችግር የተጋለጠ ነው። አንዱ አሠሪ በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም፣ ሦስተኛው ፊደል ገድፎ ይመዘግበዋል። እንዲህ ሆኖ የጠፋ ዓመት ካለ የድሮውን ደብልዩ-ቱ (አሠሪ የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ ማስረጃ) ይዞ ማስተካከል ይቻላል። ከጡረታ በፊት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ማየቱ ይመረጣል። ወረቀቱ በእጃችሁ እያለ።

ሁሉም ሰው እስከ 70 ይሥራ ማለቴ ግን አይደለም። ሃያ ዓመት በሽተኛ ሲያነሳ ወገቡ ያለቀ ሰው አለ። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ጉልበቱ የተጎዳ አለ። እንዲህ ላለው ሰው በ62ም ሆነ በ64 መውጣት ስንፍና አይደለም። በጤናችሁ ፍረዱ፣ ሐኪማችሁንም በግልጽ ጠይቁ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ ገቢው የሚበልጠው ሰው ቢዘገይ ጥሩ ነው። አንዱ ቢሞት በሕይወት የሚቀረው ትልቁን ክፍያ ነው የሚወርሰው። ልጆች ስታሳድግ ብዙ ያልሠራች ሚስትም በባሏ መዝገብ እስከ ግማሽ ድረስ ልታገኝ ትችላለች። ይህን ሳያውቁ የቀሩ እናቶች አጋጥመውኛል።

እንግሊዝ ላላችሁ፣ ማንኛውንም የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት 10 ዓመት፣ ሙሉውን ለማግኘት 35 ዓመት መክፈል ያስፈልጋል። ጠቅልሎ ኢትዮጵያ የገባ ሰው ክፍያው በየዓመቱ አያድግለትም፤ በገባበት ቀን መጠን ይቆማል። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ የአረጋውያን ጡረታውን፣ ኦልድ ኤጅ ሴኪውሪቲን፣ ውጭ አገር እየኖሩ ለመቀበል ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ 20 ዓመት እዚያ መኖር እንደሚጠይቅ አትርሱ።

ጠቅልዬ ብገባስ?

የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያ ተቀምጦም ሶሻል ሴኪውሪቲውን ይቀበላል። በግሪን ካርድ ያለ ሰው ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ክፍያው የሚቆምበት ሁኔታ ስላለ፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። ግሪን ካርዱ ራሱም ያሳስባል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ያሰበ ሰው ከመውጣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ኤስኤስአይ የሚቀበሉ አባትና እናት ያሏችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ይህ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጥ ድጎማ ስለሆነ ከሶሻል ሴኪውሪቲ ይለያል። 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ይቋረጣል። እናት «ለፋሲካ ሄጄ ልምጣ» ብላ ሁለት ወር ከቆየች ችግር ነው።

የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ከአገር ውጭ አይከፍልም፤ ልዩ ሁኔታዎቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ታዲያ ብዙ ሰው «ካልተጠቀምኩበት ለምን በየወሩ ይቆረጥብኛል?» ብሎ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ ይተወዋል። ከዓመታት በኋላ ታሞ ሲመለስ ላልነበረበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ቅጣቱም አይነሳም። እኔ ግማሹን ዓመት እዚህ ለሚያሳልፍ ሰው አቋርጥ ብዬ አልመክርም።

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱንም፣ አስቀድማችሁ አውጡ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖርን፣ ቤት በስም መያዝን ፈቅዷል። መምረጥና መመረጥ አይቻልም።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የጡረታ ቁጠባውን ቀድሞ ወደ ብር ለውጦ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከግማሽ በላዩ ቀለጠበት። የጥቂት ወራት ወጪያችሁን ብቻ በብር ያዙ። ደግሞም አገር ቤት ያላችሁ የባንክ ሒሳብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ለቤተሰብ መናገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ሥራ ከማቆማችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ተናገሩ። በመጀመሪያ ለታላቁ ወይም ቃሉ ለሚሰማው ሰው በግል ደውሉ። በአክስት ልጅ በኩል አይስሙት። ስትናገሩም ቁጥር ንገሩ። «ትንሽ ይቀንሳል» ማለት ማንንም አያዘጋጅም። «ደመወዜ ይህን ያህል ነበር፣ ጡረታው ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና መድኃኒት ይወጣል» በሉ። እኔ ይህን ለመናገር አፍሬ ነበር። ስነግራቸው ግን ወንድሜ «እስከ ዛሬ እንዲህ እየኖርክ ነው የምትልክልን?» ብሎ አለቀሰ። ለካ ነግረናቸው ስለማናውቅ ነው የማያውቁት።

ከዚያ ወረቀት ያዙና የምትልኩትን በሦስት ክፈሉት። የማይቋረጥ አለ፤ የአሮጊት እናት መድኃኒት ይህ ነው። ማብቂያ ያለው አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የቀራት ልጅ ክፍያ ለምሳሌ። ሦስተኛው በልማድ የሚሄደው ነው። ሦስተኛውን በየሦስት ወሩ እየቀነሳችሁ አስለምዱ። አንድ ቀን ተነስቶ መቁረጥ ያቀያይማል። ለሁለተኛው «እስክትመረቂ ድረስ አለሁ» ብላችሁ ቃላችሁን ጠብቁ። ለመጀመሪያው ደግሞ ከእናንተ ቼክ ውጭ ምንጭ ፈልጉለት። አገር ቤት የሚከራይ ቤት ካላችሁ ኪራዩ በቀጥታ ለእናት ይሁን። እናንተ ብትታመሙ እንኳ አይቋረጥባትም።

ብዙ ሰው ለሌላው ሲል ጡረታውን አምስት ስድስት ዓመት ይገፋዋል። የወንድም ልጅ ቤት ይሥራ፣ የእህት ልጅ ይውጣ እያለ። ለወገን ማሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን ያ ልጅ ዛሬ 30 ዓመቱ ከሆነ ጉልበቱ ከእናንተ ይበልጣል። እዚህ ላይ «አይ፣ አልችልም» ማለት ክፋት አይደለም።

ቤቱና ውክልናው

ጉልበት እያለ መስተካከል ያለበት ነገር ይህ ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ውጭ ስለነበርን በወንድም ስም የተገዛ ቤት ስንቱ ጋር አለ! ወንድም ዛሬ ታማኝ ነው። ነገ እሱ ቢሞት ግን የምትነጋገሩት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። በሰላሙ ጊዜ ስሙን አዙሩ።

ውክልናችሁንም አውጥታችሁ አንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ችግሩ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው ቃል በተዘጋጀ ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ሳናነብ የምንፈርመው ነው። ኪራይ ለመሰብሰብና ግብር ለመክፈል የምትወክሉት ሰው ያ ሥልጣን አያስፈልገውም። ለመሻር ከፈለጋችሁ መሻሪያውን በኤምባሲ በኩል በጽሑፍ አድርጉ፣ አገር ቤት ሰነዶች ማረጋገጫ እንዲመዘገብ አድርጉ፣ ለተወካዩም አሳውቁ።

ኑዛዜን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ከሰባት ዓመት በኋላ ውድቅ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በፊት ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ካለ እንደገና ጻፉት።

ከሥራ በኋላ

ጠቅልሎ ለመግባት የወሰነ ሰው አስቀድሞ ሦስት ወር ሄዶ ይኑር። በጥር አይሁን። በጥር ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሁሉም እንግዳ አድርጎ ይቀበላችኋል። በሐምሌና በነሐሴ ሂዱ። ቤት ተከራዩ፣ የመብራት ክፈሉ፣ የደም ግፊት ኪኒናችሁ በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ፈልጉ። ሰፈሩ እንደነበረ አይጠብቃችሁም። የፒያሳ ልጅ የሆነ ሰው ዛሬ ቢሄድ ያደገበትን ግቢ ላያገኘው ይችላል። ብዙ እኩዮቻችንም በሕይወት የሉም። ይህን ሐዘን ቤት ሸጣችሁ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል።

ሥራ ማቆም ራሱም ይከብዳል። እኔ ለአምስት ወር ሌሊት አሥር ሰዓት እየነቃሁ ጣሪያ አይ ነበር። ለካ የሥራ ባልደረቦቼ ጓደኞቼ ነበሩ። ያዳነኝ ቀን መያዝ ነው። ማክሰኞ ከአንድ ወዳጄ ጋር በእግር እንሄዳለን። ሐሙስ ለሰፈር ልጆች አማርኛ ፊደል አስተምራለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ለሠላሳ ዓመት በኦቨርታይም ምክንያት ያልደረስኩበት ማኅበር አሁን አንድ ወር አላጓድልም። ደስታው እንደዚህ ትንንሽ ነው፤ ግን የራሴ ነው።

ባልና ሚስት ሆናችሁ የምታነቡ፣ ከሁሉ በፊት እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። አብዛኛውን ጊዜ ባል መመለስ ይፈልጋል፣ ሚስት ከልጅ ልጆቿ መራቅ አትፈልግም። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። እኔ «ለአገሬ አፈር» ስል እሷ «ለእነዚህ ሕፃናትስ ማን አለ?» ትላለች። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ብዙ ተጨቃጭቀን የደረስንበት ይህ ነው። እኔ ኅዳር ላይ እሄዳለሁ። እሷ ለጥምቀት ትደርስብኛለች። ከፋሲካ በኋላ አብረን እንመለሳለን፤ ክረምቱን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ጋ ይሆናሉ። ለወንድሜም የምመጣበትን ቀን ነግሬዋለሁ፣ ሻንጣው ዘንድሮ ቀላል እንደሆነም ጭምር። «አንተ ብቻ ና» አለኝ።